የአባቴ ጃኬት የምን ቆዳ ነው? ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሁሉም ሰው ቁም ሣጥኑን ይበረብራል። አሮጌ የቆዳ ጃኬት ይወጣል። ጥያቄም አብሮት ይወጣል። ቆዳ ስጠግን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥቂቱን እነሆ።

ከደብረ ብርሃን፦ አባቴ ይለብሱት የነበረ ጥቁር ጃኬት አለኝ። በጣም ከባድ ነው። የበግ ነው የበሬ?

ከባድ ካልሽ የከብት ነው ብዬ እገምታለሁ። ግን በግምት አንለፈው። ቤት ውስጥ ያደግሽባቸውን ቆዳዎች አስቢ። ጀንዲ የበሬ ነው፤ ወፍራም፣ ደረቅ ያለ። አጎዛ የበግ ነው፤ ስትጨብጪው እጅሽ ውስጥ ይገባል። ስልቻ አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ነው፤ ቀጭን ግን በዋዛ የማይቀደድ። ፋብሪካ ቢገቡም ይህ ባሕርያቸው አይጠፋም። የከብት ቆዳ ጃኬት ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የበግ ከዚያ ያንሳል።

አሁን ጃኬቱን ፀሐይ ላይ አውጪው። ኮሌታውን ቀልብሺና ከሥሩ የስልክሽን ካሜራ አስጠግተሽ አንሺ። የምታያቸው ነጠብጣቦች ፀጉር የበቀለባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ደቃቅ ሆነው፣ ተጠጋግተው፣ እኩል ከተበተኑ ከብት ነው። እንደ እርሻ ትልም ጠመም ጠመም ባለ መስመር ከተደረደሩ ፍየል ነው። ቀዳዳው እምብዛም የማይታይ፣ ሲነኩት ልስልስ ያለና ሳብ ሲያደርጉት የሚለጠጥ ከሆነ በግ ነው። ቆዳው ተፍቆ ሌላ ገጽ ከታተመበት ግን ከፊት ምንም አታገኚም። ያኔ ገበሩን ትንሽ ተርትረሽ ጀርባውን ማየት ነው።

ከደብረ ሲና፦ ከሰልባጅ የገዛሁትን ጃኬት ጓደኞቼ “የአሳማ ነው” እያሉ ያበሽቁኛል።

የአሳማ ቆዳ ራሱን አይደብቅም። ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ልክ እንደ ጉልቻ ይቀመጣሉ። ቆዳውን ዘልቀው ስለሚያልፉ ከጀርባም ይታያሉ። ጉልቻው ከፊት ብቻ ካለ በማሽን የታተመ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ከሌለ ጓደኞችህ እየቀለዱ ነው። አሳማ ሆኖ ቢገኝ ይለበሳል አይለበስም የሚለውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው ቀዳዳውን ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ የኔ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ላስቲክ ሸጡልኝ ማለት ነው?

የተላጠውን ቦታ እይ። ከሥሩ ጨርቅ ወይም የተጠላለፈ ክር ካለ፣ አዎ፣ ላስቲክ ነው። ከሥሩ ፀጉር ፀጉር ያለ ለስላሳ ቆዳ ከወጣ ግን በግ ሊሆን ይችላል። የእናንተው የመንዝ በግ ባለ ሱፍ አይደል? የባለ ሱፍ በግ ቆዳ የፀጉሩ ሥር ብዙ፣ ስቡም ብዙ ነው። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ንብርብር የላላ ነው። ሲያረጅ ይለያያል። ከከሰል ምድጃ አጠገብ ሰቅለህ ካደረቅከው ደግሞ ይብስበታል።

ከሸዋ ሮቢት፦ በላይተር መሞከር ይቻላል?

መጀመሪያ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የቆዳ ጃኬት መቼ ነው የምትለብሰው? ለማንኛውም ተው። እኔ አንድ ጊዜ ደንበኛ ፊት ጉራዬን ልነዛ ብዬ እሳት አስጠጋሁ። የሰውየው ኮሌታ ጭምድድ አለ። ከኪሴ ከፈልኩ። ቆዳ ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ላስቲክ ይቀልጣል፤ ይኼ እውነት ነው። የግድ ካልክ ከውስጥ ስፌቱ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጠህ እሷን አቃጥል። ያም ሆኖ ቆዳ መሆኑን እንጂ የማን ቆዳ መሆኑን አይነግርህም።

ከአንኮበር፦ የተቆረጠው ጠርዝ መሐሉ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ፎርጅድ ነው?

አይደለም። በክሮም፣ ማለትም ፋብሪካ ቆዳ በሚያለፋበት ኬሚካል፣ የለፋ ቆዳ ከበርሜሉ ሲወጣ ሰማያዊ ነው። ቀለሙ እስከ መሐል ካልዘለቀ ያ ሰማያዊ እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው።

ከደብረ ብርሃን (የመጀመሪያዋ ጠያቂ)፦ አየሁት። ቀዳዳዎቹ በመስመር ተደርድረዋል። ገበሩን ስተረትረው ደግሞ በውስጡ ብርድ ልብስ ተሰፍቶበታል።

ተሸነፍኩ። ፍየል ነው። ከባድ ያደረገው ብርድ ልብሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳላይ ከብት አልኩሽ። አባትሽ የዚህን አገር ብርድ አውቀውታል። ገበሩን መልሰሽ ስትሰፊ ብርድ ልብሱን እንዳታወጪው።