ከሲያትል ወደ ኦሎምፒክ ጫካና ውቅያኖስ ከትንንሽ ልጆች ጋር፦ ጥያቄና መልስ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በሲያትልና አካባቢዋ ካሉ ወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ ትንንሽ ልጆች ይዘን ወደ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ እንዴት እንሂድ? መንገዱን ከልጆቼ ጋር ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥ፦ ልጆቻችን 5 እና 2 ዓመታቸው ነው። ያለን ሦስት ቀን ነው። ዙሩን በሙሉ እንዙር?

መ፦ እኔን ከጠየቃችሁኝ አትዙሩት። ሀይዌይ 101ን ይዞ ዙሩ 330 ማይል ገደማ ነው። በዚያ ላይ ወደ ጫካውና ወደ ባሕሩ የሚያስገቡት መንገዶች ከዋናው ይገነጠላሉ፤ ገብታችሁ በዚያው ትወጣላችሁ። ያንን ሁሉ በሦስት ቀን ለማዳረስ ከሞከራችሁ ልጆቹ ፓርኩን የሚያዩት በመኪና መስኮት ነው።

ሁለቱንም ሌሊት አንድ ቦታ እደሩ። ፎርክስ ከተማ ጥሩ ነው። ከዚያ ሪያልቶ ባሕር ዳርቻ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ካላሎክ የሚባለው ባሕር ዳርቻ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሆህ ጫካ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች። ጠዋት አንድ ቦታ ሂዱ። ከምሳ በኋላ ትንሹ ይተኛ። አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ውረዱ። በቃ። ሀሪኬን ሪጅ የሚባለው ተራራ በጣም ያምራል፣ ግን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ጥ፦ መኪና በሚጭነው ጀልባ (በፌሪ) ይሻላል ወይስ በታኮማ ዞሮ በየብስ?

መ፦ ስትሄዱ በፌሪ፣ ስትመለሱ በየብስ፣ በአበርዲንና በኦሎምፒያ በኩል። ከሲያትል ቤይንብሪጅ 35 ደቂቃ፣ ከኤድመንድስ ኪንግስተን 30 ደቂቃ ገደማ ነው። ለልጅ ጀልባው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ደግሞ አይከፍሉም። አርብ ከሰዓት ግን ሰልፉ አይቻልም፣ በጠዋት ድረሱ። ከፌሪ ከወረዳችሁ በኋላ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የሁድ ካናል ድልድይ አለ። መርከብ ወይም ሰርጓጅ መርከብ ሲያልፍ ይከፈትና መኪና ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ልጆቹን ሽንት ቤት ውሰዱ።

ጥ፦ ልጄን መኪና ያስመልሰዋል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው?

መ፦ ከፖርት አንጀለስ ወደ ፎርክስ ስትሄዱ ክሬሰንት ሐይቅን ተጠግቶ የሚያልፈው መንገድ ይጠማዘዛል። ከዚያ በፊት ወተትና ጭማቂ አትስጡት። ስልክና ታብሌት ቀሙት፣ ሩቅ ይመልከት። ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቁሙ። ሜሪሜር ፏፏቴ በእግር ደርሶ መልስ 2 ማይል አይሞላም። መድኃኒት ካሰባችሁ የልጁን ሐኪም ጠይቁ።

ጥ፦ ሆህ ጫካ ለሕፃን ምን አለው? ዝናቡስ?

መ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሆህ በዓመት 3.5 ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ወቅቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ እዚያ ደረቅ የሚባለው ጊዜ ነው። ቢሆንም የዝናብ ጃኬት፣ ቦት ጫማና ሁለት ቅያሪ ካልሲ ያዙ።

ሆል ኦፍ ሞሰስ የሚባለው መንገድ ዙሩ 0.8 ማይል ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዳገት አለው፣ ከዚያ የ4 ዓመት ልጅ በራሱ እግር ይሄደዋል። ጋሪ አይመችም፣ ትንሹን እዘሉት። ዛፎቹ ከላይ እስከ ታች የዛፍ ሽበት ለብሰዋል።

ለልጆቹ የወደቁትን ግንዶች አሳዩአቸው። ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ችግኞች ጀርባው ላይ ይበቅላሉ። ሥራቸውን በግንዱ ዙሪያ እያወረዱ መሬት ይደርሳሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ የታችኛው ግንድ በስብሶ ያልቃል። ዛፎቹ ታዲያ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ሥራቸው እንደ እግር ተከፍቶ፣ ከሥር ባዶ ቦታ ይዘው ይቀራሉ። ልጅ ጎንበስ ብሎ በዚያ ቀዳዳ ማዶውን ካየ ዛፉ ምን ላይ እንደበቀለ ወዲያው ይገባዋል። መሬት መሬቱን ደግሞ መልኩ የበሰለ ሙዝ የሚመስል፣ ከመዳፍ የሚረዝም ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ ይታያል። ልጆቼ እሱ ጋ ከተቀመጡ አይነሱም። እኔም አላስነሳቸውም።

በበጋ ፓርኪንጉ ሲሞላ መኪና በሩ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ስለዚህ ወይ በማለዳ ወይ ወደ ማታ ሂዱ።

ጥ፦ ልጆቹ ውቅያኖስ ውስጥ መዋኘት ይችላሉ?

መ፦ አይችሉም። ውሃው በበጋም በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ የሚጎትት ሞገድም አለው። እግራቸውን ይንከሩ፣ እናንተ ግን እጃቸውን ያዙ። ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ግንዶቹ ነው። ሪያልቶና ሩቢ ቢች ላይ ባሕሩ ያወጣቸው ግዙፍ ግንዶች ተከምረዋል። ልጅ ሲያያቸው መውጣት ያምረዋል። ባሕሩ ሩቅ ከሆነና ግንዱ ደረቅ አሸዋ ላይ ካረፈ ችግር የለም። ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ ያለ ግንድ ግን፣ ሞገድ ሲመጣ ቶን የሚመዝነው ነገር ተነስቶ ይንከባለላል። ሰው ገድሎ ያውቃል።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱ ቀድሞ ይታወቃል። ላ ፑሽ ለሚባለው የባሕር ዳር መንደር የወጣውን ሰንጠረዥ ከመውጣታችሁ በፊት እዩ፣ ቀናችሁን በእሱ አስተካክሉ። ባሕሩ ጎድሎ ከማለቁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ካላሎክ አካባቢ ቢች 4 ከወረዳችሁ በዓለቱ ስንጥቅ በቀረው ውሃ ውስጥ ሐምራዊና ብርቱካንማ የባሕር ኮከቦች ታያላችሁ። በእርጥብ ጣት ቀስ ብሎ መንካት ይቻላል፣ መንቀል አይገባም።

ጥ፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። ምን እንብላ?

መ፦ ፎርክስ ግሮሰሪ አለ፣ የጾም ምግብ ግን ከቤት ብትይዙ ነው የሚሻለው። ድርቆሽ አይበላሽም። ቤት የተዘጋጀ ቁሌት፣ ሽሮና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ካላችሁ ፍርፍሩ ወዲያው ይደርሳል። በሶ ለጠዋት አሪፍ ነው። ከ7 ዓመት በታች ላሉት የሚበሉትን ለብቻ ያዙ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ መኪና ውስጥ አትስጡ። ቢያንቀው ሹፌሩ አያይም።

ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ለማፍላት ላሰባችሁ፣ በነሐሴ እሳት የሚከለከልበት ጊዜ ስላለ የፓርኩን ጠባቂ (ሬንጀሩን) አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ባሕር አይታ አታውቅም፣ ጉልበቷንም ያማታል። መግቢያ ለብቻዋ ትከፍላለች?

መ፦ እንኳን ደህና መጡ! ለብቻቸው አይከፍሉም። ክፍያው በመኪና ነው፣ 30 ዶላር ለ7 ቀን። 4ኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካላችሁ ነጻ ማለፊያ ያገኛል፣ አብራችሁ ትገባላችሁ። ለሌሎች አንባቢዎች፦ 62 ዓመት የሞላቸው የአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው በ20 ዶላር የዓመት ማለፊያ ያገኛሉ።

ፌሪው ላይ አሳንሰር ስላለ እናትሽ ደረጃ መውጣት የለባቸውም። ሆህ ላይ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ አጭር፣ የተነጠፈ መንገድ አለ። ባሕሩን ካላሎክ ላይ ከፍ ካለው ገደል አፋፍ ተቀምጠው ያዩታል። ጋቢ አትርሺላቸው፣ ነፋሱ በበጋም ይቆነጥጣል።

ጥ፦ ድብ አለ?

መ፦ ጥቁር ድብ አለ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ ፍርፋሪም አትተዉ። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ቢያንስ 50 ያርድ ራቁት፤ ግልገል ካላት ይበልጥ ራቁ። ልጆች ከፊታችሁ ሮጠው እንዳይጠፉ።

ጥ፦ ስልክ ይሠራል?

መ፦ ሆህ ውስጥ አይሠራም፣ ካላሎክም አትተማመኑበት። ካርታውን፣ የማደሪያውን ማረጋገጫና የባሕሩን ሰዓት ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ቤንዚን ፎርክስ ላይ ሙሉ።