የጅቡቲ መስመር ላይ የቱ ሲም ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የተሳቢ ሹፌር ነኝ፣ ከሞጆ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል ነው የምመላለሰው። ያለኝ የቴሌ ሲም ነው፣ ጓደኞቼ ግን ሳፋሪኮም ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ቀይር እያሉኝ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከአዋሽ ወዲያ ያለው በረሃ ነው፣ መኪና ቢበላሽብኝ ለማን እደውላለሁ? ባለቤቴም ስልኬ እምቢ ሲላት በጣም ትጨነቃለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የቴሌውን ሲም እንዳትጥለው። ስልክህ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሳፋሪኮሙን ጨምርበት፣ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ለዚህ መስመር ቴሌው ይቆይ።

ጓደኞችህ የሚያወሩት አዳማና አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ቪዲዮ ስለሚያዩበት ኔትወርክ ነው፣ አንተ የምትጠይቀን ደግሞ ገዋኔና ሚሌ መሃል ስለሚሰራ ኔትወርክ ነው። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀምሮ መስከረም 2015 አዲስ አበባ የገባ አዲስ ካምፓኒ ስለሆነ መጀመሪያ የሄደው ሰው ወደሚበዛበት ከተማ ነው፣ ቴሌ ግን ሞባይል ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ስለሆነው ገጠሩንም አውራ መንገዱንም ቀድሞ ይዞታል። ደግሞ ይህን ያህል ፐርሰንት ሸፈንን የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በህዝብ ብዛት ነው እንጂ በመሬት ስፋት አይደለም። ሎግያና ሰመራ ላይ ታወር ቆመ ማለት ብዙ ሰው ተሸፈነ ማለት ነው፣ በከተሞቹ መሃል ያለው ባዶ አስፋልት ግን ሰው ስለማይኖርበት ቁጥሩ ውስጥ የለም። አንተ ደግሞ ሌሊቱን የምታሳልፈው እዚያ ባዶው ላይ ነው።

ሲም ከመግዛትህ በፊት ራስህ መፈተሽ ትችላለህ። መኪናውን ዳር አቁመህ ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኦፐሬተር የሚለውን ግባና አውቶማቲክ የሚለውን አጥፋው። ስልኩ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልግና በዚያ ቦታ የሚያገኛቸውን ኔትወርኮች ይዘረዝርልሃል፣ ሲማቸው ባይኖርህም ስማቸው ይመጣል። አንዳንድ ስልክ በስም ፈንታ ቁጥር ያመጣል፣ 63601 ቴሌ ነው፣ 63602 ሳፋሪኮም። አጠገቡ 2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ የሚልም ካለ እሱንም እየው፣ 2ጂ ብቻ ከሆነ ትደውላለህ እንጂ ቪዲዮ ኮል አታስብ። መኪና በምታቆምበትና በምታድርበት ቦታ ሁሉ እንደዚህ እያየህ ረዳትህ ወረቀት ላይ ይያዝልህ፣ ከማንም ማስታወቂያ ይልቅ የምታምነው እሱን ነው። ስትጨርስ አውቶማቲኩን መልሰህ ማብራት እንዳትረሳ፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ከተማ ላይ ስልክህ ዝም ብሎ ይቀራል።

ሌላው ነዳጅ ነው። ከግንቦት 2015 ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ሆኗል፣ በቴሌብር የምትከፍል ከሆነ ቴሌውን የማትጥልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ዳታ ባይኖርም *127# ስለሚሰራ 2ጂ ብቻ ያለበት ማደያ ላይም መክፈል ትችላለህ፣ አፑን ብቻ ተማምነህ ሰልፍ ላይ ሆነህ ኢንተርኔት ከምትጠብቅ ይሄን ኮድ ከአሁኑ ልመደው።

ጋላፊ ስትደርስ ስልክህ የጅቡቲን ኔትወርክ ሊይዝ ስለሚችል ዳታ ሮሚንግ አጥፋ፣ ሂሳብህ ሳታውቀው እንዳያልቅ። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ታወር ፍለጋ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሁለት ሲም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚህ የማይሰራበት ቦታ ላይ አንዱን ሲም አጥፋው። ለባለቤትህ ደግሞ ከአዋሽ ሳትወጣ ቴክስት ላክላት፣ "ሚሌ ስደርስ እደውላለሁ፣ እስከዚያ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል" በላት፣ ስልኩ እምቢ ሲላት ምክንያቱን ስለምታውቅ አትሸበርም። በጣም ደካማ ኔትወርክ ላይ ድምፅ እየተቆራረጠም ቴክስት ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ እሱንም ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ጂዳ ነው የምሰራው። እናቴ ያለችው ወሎ ገጠር ነው፣ በኢሞ ላያት ብዬ ስማርት ስልክ ልልክላት ነው። የትኛውን ሲም ታውጣ? (እህታችሁ)

መልስ፦ እህታችን፣ ስልኩን ከመላክሽ በፊት እዚያው ቀበሌ ኢሞ የሚጠቀም ሰው ፈልጊና የማንን ሲም እንደያዘ ጠይቂው፣ አስተማሪ ወይ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ጥሩ ነው፣ እነሱ ደጋ ቆላውን ስለሚዞሩ የቱ የት እንደሚይዝ ያውቁታል። ከተማ ላይ ያለ ዘመድሽን ግን አትጠይቂ፣ የሱ መልስ ለናትሽ ቤት አይሆንም። ተራራ መሃል አንዱ ቤት ጥሩ ይይዛል፣ ከታች ሸለቆው ውስጥ ያለው ጎረቤት ምንም የለውም፣ ስለዚህ የሚሞከረው እናትሽ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። እዚያ የሚይዘው 2ጂ ብቻ ከሆነ ስማርት ስልኩ ለኢሞ አያገለግላትም፣ ባትሪው ቀናት የሚቆይ ባለ ቁልፍ ስልክ ግዢላትና በድምፅ ደውይላት፣ ኢሞውን ገበያ በምትወጣበት ቀን የወንድምሽ ወይ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ቀጥራችሁ ተያዩ። የድሮ ቁጥሯን ደግሞ እንዳታስቀይሪያት፣ ዘመድ ሁሉ የሚያገኛት በሱ ነው።