ስለ ታይት ኤንድ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካን ፉትቦል ታይት ኤንድ በሚባለው ቦታ ለሚጫወቱት አዝኜ ሁለት አንቀጽ ብጽፍ፣ የመጣው ደብዳቤ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ሁሉንም ማተም አልችልም። ስማችሁን ትቼ፣ ጥያቄውን ጨመቅ አድርጌ፣ የቻልኩትን መልሻለሁ። አንዱ ደብዳቤ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። እሱን ሰፋ አድርጌዋለሁ። ልጅ ያላችሁ እባካችሁ አትዝለሉት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አባት፦ ልጄ ቲቪ ላይ "ታይት ኤንድ!" እያለ ይጮኻል። እኔ የማየው አንዴ ሲጋፋ፣ አንዴ ኳስ ሲቀልብ ነው። የሰውየው ሥራ የቱ ነው?

ሁለቱም ነው። ኳስ የያዘው ቡድን መሀል ላይ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይደረድራል። እነሱ ይጋፋሉ እንጂ በተለመደው አሰላለፍ የተወረወረ ኳስ መቅለብ አይፈቀድላቸውም። ዳር ላይ ደግሞ ቀለል ያሉ ሯጮች አሉ፤ እነሱ ይሮጣሉ፣ ይቀልባሉ። ታይት ኤንድ ከግዙፎቹ ጫፍ ተጠግቶ ይቆማል። ስሙም ከዚያው ከአቋቋሙ የመጣ ነው። ጨዋታው በሩጫ ከሆነ ከ120 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተከላካይ ፊት ለፊት ይገጥማል። ኳሱ የሚወረወር ከሆነ ደግሞ አምልጦ ሮጦ ይቀልባል። ተጋጣሚው የቱ እንደሚመጣበት አያውቅም።

ድሮ ቦታው በአብዛኛው የመጋፋት ነበር። በ1961 ማይክ ዲትካ የሚባል ወጣት ቺካጎ ቤርስ ገባና በመጀመሪያ ዓመቱ 56 ኳስ ቀለበ፤ 1,076 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)፣ 12 ተችዳውን (ኳሱን ከመጨረሻው መስመር ማሳለፍ፣ እንደ ጎል ነው)። ከዚያ በኋላ አሰልጣኞች ቦታውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። በ1988 ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆቹ የክብር መዝገብ) የገባ የመጀመሪያው ታይት ኤንድም እሱ ነው።

እኔ ራሴ ጨዋታውን የተማርኩት አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በማታ ፈረቃ ስሠራ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ "ኳሱን አትከተል፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ሰውዬ ብቻ እይ" አለኝ። ለእርስዎም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ከአጠገቡ ቁጭ ብለው ይሞክሩት።

ታይት ኤንዶች ለምን ማሊያቸው ላይ 80 ከምናምን ይለብሳሉ?

የሊጉ፣ ማለትም የኤንኤፍኤል፣ የቁጥር ደንብ ስለነበር ነው። በ2021 ስለላላ አሁን ከ1 እስከ 49ም መልበስ ይችላሉ።

ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት፦ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ93 ነው፣ 21 ዓመቴ ነው። ታይት ኤንድ መሆን እችላለሁ ወይስ ሕልም ነው?

ቁመትህ የአንቶኒዮ ጌትስ ቁመት ነው። ታሪኩን ልንገርህ። ጌትስ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ብቻ ነው የተጫወተው። ቡድኑ በ2002 በአገሪቱ የኮሌጆች ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ደረሰ። ለኤንቢኤ ግን በሚጫወትበት ቦታ አጭር ነው ተባለ። በ2003 የኤንኤፍኤል ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት) ሲካሄድ ሰባቱም ዙር አልቆ ስሙ አልተጠራም። ሳንዲያጎ ቻርጀርስ በነፃ ዝውውር ወሰደው። እዚያው ክለብ እስከ 2018 ተጫውቶ 116 ተችዳውን ይዞ ወጣ። ከታይት ኤንዶች ሁሉ የሚበልጠው የለም። በ2025 ሆል ኦፍ ፌም ገባ።

ቅርጫት ኳስ የሚጠቅመው በቁመት ብቻ አይደለም። ሪባውንድ ለመያዝ ተጋጣሚህን በጀርባህ ዘግተህ ኳሱን ከላይ ስታነሣ የምታደርገው ነገር፣ ታይት ኤንድ ተችዳውን መስመር አጠገብ የሚያደርገው ያንኑ ነው። ቶኒ ጎንዛሌዝም ካሊፎርኒያ በርክሊ ሁለቱንም ይጫወት ነበር። በ17 የውድድር ዘመን የቀረው ከ2 ጨዋታ ብቻ ነው። 1,325 ኳስ ቀልቧል።

አሁን ደግሞ እውነቱን። ጌትስ ኮሌጅ ባይጫወትም ዲትሮይት ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ፉትቦል ተጫውቷል። አንተ ሄልሜት አድርገህ አታውቅም። መጋፋቱን ከዜሮ ነው የምትጀምረው፤ እሱ ደግሞ በቪዲዮ የሚለመድ ነገር አይደለም። በር ግን አለ። ሊጉ ከ2017 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጪ ላሉ ስፖርተኞች የሚያሠለጥንበት ፕሮግራም አለው። ጆርዳን ማይላታ የሚባለው አውስትራሊያዊ ራግቢ እንጂ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም ነበር፤ በ2018 ፊላደልፊያ ወሰደው፣ ከእነሱ ጋርም ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ በላ። የአፍሪካ የምልመላ ካምፕም በ2022 አክራ፣ በ2023 ናይሮቢ ተካሂዷል። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። የ40 ያርድ ሩጫህን አስለካ፣ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ማመልከቻውን ተከታተል። ትምህርትህን ግን እንዳታቋርጥ። ይህን እንደ ታላቅ ወንድም ነው የምልህ።

ሦስት አንባቢዎች ስለ ካንሳስ ሲቲው ታይት ኤንድ ስለ ትራቪስ ኬልሲና ስለ እጮኛው ጠይቃችሁኛል።

እሱን ሌሎች በደንብ እየጻፉት ነው። እኔ ስለ ኳሱ ልንገራችሁ፦ ከ2016 እስከ 2022 ሰባት ዓመት በተከታታይ ከ1,000 ያርድ በላይ ሠርቷል። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ታይት ኤንድ የለም።

አንድ ቆጣ ያሉ አንባቢ፦ በዓመት አሥር ሚሊዮን ዶላር ለሚበላ ሰው ለምን ታዝናለህ? እኛ በሁለት ሥራ እየሞትን!

ቁጣዎ ይገባኛል። እኔም ሁለት ሥራ ሠርቻለሁ። ግን ራሱ ቦታው ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ ነው። የጂሚ ግራሃምን ጉዳይ ይመልከቱ። በ2013 ለኒው ኦርሊንስ 16 ተችዳውን ሠራ። ውሉ ሲያልቅ ክለቡ "ፍራንቻይዝ ታግ" የሚባለውን ተጠቀመ፤ ማለትም ለአንድ ዓመት ሌላ ክለብ እንዳይሄድ በተወሰነ ክፍያ ያዘው። ክፍያው እንደ ቦታው ይለያያል። ለታይት ኤንድ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለዳር ሯጭ 12 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ግራሃም ሁለት ሦስተኛውን ጊዜ እንደ ሯጮቹ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ነበር የሚቆመው። እናም "እኔ ሯጭ ነኝ" ብሎ አቤት አለ። በ2014 ሐምሌ ዳኛው ፈረደበት፦ ታይት ኤንድ ነህ። በኋላ በ4 ዓመት 40 ሚሊዮን ተስማሙ። ዓመት ሳይሞላ ግን ክለቡ ወደ ሲያትል ሸጠው።

ደግሞ አሥር ሚሊዮን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የተጫዋቾቹ ማኅበር ሁልጊዜ እንደሚለው፣ አንድ ተጫዋች ሊጉ ውስጥ የሚቆየው በአማካይ ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም። ሦስት የውድድር ዘመን ያልሞላው የሊጉን ጡረታ አያገኝም። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የውል ገንዘብም ሁሉም የተረጋገጠ አይደለም። ክለቡ ቢያሰናብተው ቀሪው አብሮ ሊቀር ይችላል። እና ከ22 ዓመቱ ጀምሮ የሚሸጠው ጉልበቱን ነው።

ታይት ኤንዱ ሮብ ግሮንካውስኪ በ29 ዓመቱ ለምን ጡረታ ወጣ? ከወጣስ ለምን ተመለሰ?

ገላው አልቆበት ነው የወጣው። ክንዱ ተሰብሮ ደጋግመው ቀደውታል፣ የጉልበቱ ጅማት በ2013 ተበጥሷል፣ ጀርባውን በ2016 እንደገና ኦፕራሲዮን ሆኗል። ግን ያደከመው የመጨረሻው ነው። በ2019 የካቲት ሱፐር ቦውል ላይ ለኒው ኢንግላንድ የጨዋታውን ብቸኛ ተችዳውን ያመቻቸችውን 29 ያርድ ኳስ ቀለበ። በዚያው ጨዋታ ጭኑን ተመታ። ዋንጫ በልቶ፣ ሌሊቱን በሕመም መተኛት አልቻለም። በኋላ ከጭኑ አንድ ሊትር ያህል ደም እንደተቀዳለት ራሱ ተናግሯል። ሁለት ወር ሳይሞላ "በቃኝ" አለ።

አንድ ዓመት አረፈ። ሰውነቱ ሲያገግም በ2020 ታምፓ ቤይ ላይ ከድሮው ኳስ ወርዋሪው ከቶም ብሬዲ ጋር ተገናኘና በሱፐር ቦውሉ ካንሳስ ሲቲን 31 ለ 9 ሲያሸንፉ ሁለት ተችዳውን ሠራ። አራተኛ ዋንጫው ነው። በ2022 ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። ባያርፍ ኖሮ ያ አራተኛው ዋንጫ የሚኖር አይመስለኝም።

(ጉልበትህን እያመመህ እሑድ እሑድ ኳስ የምትጫወተው ወንድሜ፣ "ግሮንካውስኪ ከቻለ እኔስ?" ላልከው፦ ሐኪም ጋ ሂድ።)

ከቨርጂኒያ አንዲት እናት፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ቁመቱ ስለመዘዘ አሰልጣኙ ታይት ኤንድ አደረገው። ባለፈው ዓርብ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለጥቂት ደቂቃ የት እንዳለ ጠፍቶት ነበር። አሁን ራሱን ያመዋል፣ መብራት ይረብሸዋል። "ለማንም አትንገሪ፣ ያስቀምጡኛል" ብሎ ለመነኝ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ይህን ማንበብ ያቁሙና ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ዛሬ። ካስታወከው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ከእንቅልፍ መንቃት ካቃተው ደግሞ ወዲያው 911 ይደውሉ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። "ደህና ነኝ ይላል" ብሎ ስለራሱ ይተረጉምልዎታልና።

ለአሰልጣኙም ይንገሩ። በቨርጂኒያ ሕግ የጭንቅላት መናወጥ የተጠረጠረበት ተማሪ ከሜዳ ይወጣል፣ ያለ ጤና ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድ አይመለስም። ይህ ልጁን መክዳት አይደለም። የተናወጠ አእምሮ ሳይድን ሁለተኛ ቢመታ የሚያስከትለው ነገር ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው። ደግሞ አይቆጡት። ቡድኑን ስለሚወድ ነው የደበቀው።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅዎ ልንገርዎ። ጆን ማኪ የሚባል ታይት ኤንድ ነበር። በ1963 ባልቲሞር ኮልትስ ገባ። ቁጥሩ 88። ኳስ ከያዘ በኋላ አንድ ሰው ጥሎ አያስቀረውም ነበር። በ1971 ጥር ሱፐር ቦውል ላይ የተነካካች ኳስ ይዞ 75 ያርድ ሮጦ አገባ። የተጫዋቾች ማኅበርን መርቷል፤ ተጫዋቾች በነፃ ክለብ እንዳይለውጡ የሚያስረውን ደንብ ፍርድ ቤት ከስሶ አሸንፏል። ዛሬ ሚሊዮን የሚፈርሙት ሁሉ የእሱ ዕዳ አለባቸው። የኮሌጅ ምርጥ ታይት ኤንድ በየዓመቱ የሚሸለመውም በስሙ ነው።

ይህ ሰው ገና በስልሳዎቹ መጀመሪያ አእምሮውን የሚያጠፋ በሽታ ያዘው። አንድ ቀን አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ የሱፐር ቦውል ቀለበቱን አውልቅ ቢሉት ጭራሽ አልገባውም። ሊቀሙት መስሎት አለፋቸው፣ ታግለው ጣሉት። ባለቤቱ ሲልቪያ የጤና ኢንሹራንስ ለማግኘት ብላ በስተርጅና የበረራ አስተናጋጅነት ሥራዋን ቀጠለች። ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ ደብዳቤ ተነሥቶ በ2007 ሊጉና ማኅበሩ አእምሯቸውን ለሚያጡ የቀድሞ ተጫዋቾች እንክብካቤ በዓመት እስከ 88,000 ዶላር የሚከፍል ድጋፍ አቋቋሙ። ስሙ "88 ፕላን" ነው፤ የማሊያው ቁጥር። ማኪ በ2011 በ69 ዓመቱ ሞተ። አእምሮው ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት።

ሲቲኢ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ የአእምሮ መበላሸት ነው። ፉትቦል ተጫዋች ላይ መጀመሪያ ያገኘው ፒትስበርግ ይሠራ የነበረ ናይጄሪያዊ ሐኪም፣ ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ነው። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የኤንኤፍኤል ተጫዋቾችን አእምሮ መርምረው 110 ላይ አገኙት። እርግጥ አእምሮውን የሰጡት ብዙዎቹ ቀድሞ የጠረጠሩ ቤተሰቦች ናቸው፤ ስለዚህ ከተጫወተው ሁሉ ይህን ያህሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን አደጋው ከተጫወቱበት ዓመት ብዛት ጋር ይጨምራል። ሰውን ራሱን የማያስቱ ትናንሽ ምቶችም ይጠራቀማሉ። ታይት ኤንድ ደግሞ ሲጋፋም ሲቀልብም ይመታል።

አንድ ምት ብቻውን ልጅዎን ማኪ አያደርገውም። ይህን አውቀው ትንሽ ይረጋጉ። ወደፊት ይጫወት አይጫወት የሚለውን ግን ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ፤ በእኔ ቃል አይወስኑ። ልጄ ቢሆን ምን አደርግ ነበር ካሉኝ፣ ወደ ፍላግ ፉትቦል እወስደው ነበር። መጋጨት የለውም፤ ወገቡ ላይ ያለውን ጨርቅ መንጠቅ ነው። መሮጡም መቅለቡም ሳይቀርበት ይጫወታል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይም አለ።

ሐኪሙ ያለዎትን እባክዎ ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።

ከባሕር ዳር፦ ጨዋታውን በስንት ሰዓት ልይ?

የእሑዱ የመጀመሪያ ጨዋታዎች ከመስከረም ጀምሮ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ናቸው። አሜሪካኖቹ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓታቸውን ሲለውጡ 3 ሰዓት ይሆናል። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ሰውዬ ፈልግ።