«ሻጮቼ ፕሮግራሙን ትተው ወደ ደብተራቸው ተመለሱ»

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የእንስሳት መኖ አከፋፋይ ነኝ። ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የተዘጋጀ የዶሮ መኖ እስከ ጫጫ፣ ደነባ፣ እነዋሪና ደብረ ሲና ድረስ አደርሳለሁ። ባለፈው ዓመት ሲአርኤም የሚባለውን የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም በብዙ ወጪ አስገባሁ። ሻጮቼ ሥልጠና ወስደው ለአንድ ወር ያህል መዘገቡ፤ ከዚያ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ደመወዝ እቆርጣለሁ ብዬ ስቆጣ እንደገና መመዝገብ ጀመሩ፤ የሚመዘግቡት ግን ለምንም የማይረባ ነው። አንድ ወዳጄ «ርካሹን ስለገዛህ ነው፤ ታዋቂውን የውጭ ፕሮግራም ግዛ» ይለኛል። ልቀይረው ወይስ ልተወው?
የመኖ ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቀይሩት፤ አይተዉትም። አንድ ብር ሳይጨምሩ በፊት የሻጮችዎን ደብተር ተውሰው ገጽ በገጽ ያንብቡ። ይህን የምለው በዚያው በደብረ ብርሃን በሽያጭ ክፍል ስለሠራሁ፣ በኋላም እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞችን ወደ ድርጅቶች በማስገባት ሥራ ላይ ስለቆየሁ ነው።

በአንድ የመኖ መደብር ያየሁት የአንዲት ሻጭ ደብተር አይረሳኝም። ከአንድ ደንበኛ ስም ትይዩ እንዲህ ይላል፦ «200 ጫጩት፣ ጥር 12 ገቡ። ለባልየው ሳይሆን ለእትዬ ይደወል። ሐሙስ ገበያ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ።» በዚያው መደብር ኮምፒውተር ላይ የዚሁ ደንበኛ ገጽ ተከፍቶ ነበር። ፋክስ፣ ድረ ገጽ፣ ዓመታዊ ገቢ፣ የሠራተኛ ብዛት፣ ግዢው የመሳካት ዕድሉ በመቶኛ ይጠይቃል። ከ«ከተማ» በቀር ሁሉም ባዶ ነው። ጫጩቶቹ የገቡበትን ቀን የሚያስገቡበት ቦታ ግን የለውም።

እርስዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት የመኖ ሽያጭ የሚያርፈው በዚያች ቀን ላይ ነው። ጥር 12 የገባ የአንድ ቀን ጫጩት መጋቢት 8 ላይ ስምንት ሳምንት ይሞላዋል፤ ከጫጩት መኖ ወደ ቄብ መኖ ይሸጋገራል። አምስት ወር ገደማ ሲሆነው እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጣይ ዶሮ መኖ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ መጋቢት 5 ጠዋት ሻጯን «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ደውዪ» ብሎ ቢያስታውሳት ደንበኛዋ ወደ ሌላ መደብር ሳትሄድ ይደርሱባታል። እንዲህ ያለ ጥቅም ያየ ሻጭ ያለ ማንም ቁጣ ይመዘግባል።

ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ፕሮጀክቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። መዝጋቢው ከመዘገበው መልሶ የሚያገኘው ነገር የለም። ፕሮግራሙ የሚመረጠው አለቃው ሪፖርት እንዲያይበት ነው፤ ሻጩ የቀኑን ድካም ጨርሶ ማታ ለሌላ ሰው ሪፖርት የሚለቅም ይሆናል። ሲቆጡት «ተደወለ፤ አልተነሳም» እያለ ይሞላል። እርስዎ የማይረባ ያሉት ምዝገባ ከቅጣቱ የተወለደ ነውና ቅጣቱን ዛሬውኑ ያንሱ።

ሻጮችዎ በአፋቸው የማይነግሩዎት ሌላም ፍርሃት አለባቸው። ያ ደብተር እንጀራቸው ነው። የደነባን ደንበኞች በእግሩ ዞሮ ያፈራ ሰው ስማቸውንና ስልካቸውን ኮምፒውተር ውስጥ ካስገባ በኋላ «ነገ ብሰናበትስ?» ብሎ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ስለዚህ አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡላቸው፦ አንድ ሻጭ ያመጣው ደንበኛ በስሙ ተመዝግቦ ይቆያል፤ ኮሚሽኑም የእሱ ነው። ይህ ሳይፈርስ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው።

ስለ ወዳጅዎ ምክር ልናገር። ታዋቂና ውድ መሆን አያድንም። የአሜሪካው የቸኮሌት ኩባንያ ሄርሺ እ.ኤ.አ. በ1999 ሦስት ትልልቅ ሥርዓቶችን በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ አዋለ፤ አንዱ በዘመኑ የገበያው መሪ የነበረው የሲብል ሲአርኤም ነበር። ለጠቅላላው ፕሮጀክት 112 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለውን ሥራ በሁለት ዓመት ተኩል ለመጨረስ ተጣደፉ። ሥርዓቱ የተከፈተውም በሐምሌ፣ ለጥቅምት መጨረሻው የሃሎዊን በዓል የከረሜላ ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን ሆነ። ከረሜላው በመጋዘን ተከማችቶ እያለ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ትዕዛዝ ለደንበኞች ሳይደርስ ቀረ። ጥፋቱ የሲብል ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጥድፊያውና ወቅቱ ናቸው የጎዱት። ሲብልን ራሱን ኦራክል የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጠቅልሎ ገዛው።

እርስዎም እንደገና ሲጀምሩ የፋሲካ ገበያ ሲቃረብ፣ በግ የሚያደልበው ሁሉ መኖ በሚሻማበት ጊዜ አይሁን። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲለመልም፣ የላም መኖ ፍላጎት ቀዝቀዝ ሲል ይጀምሩ። አራቱንም መስመር በአንድ ጊዜ አይንኩ፤ የደነባን ብቻ፣ ለመማር ፈቃደኛ በሆነ አንድ ሻጭ ይሞክሩ። ሌሎቹ የእሱ ስልክ ከእነሱ ቀድሞ ሲያስታውስ ባዩ ጊዜ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ከገጹ ላይ ፋክሱን፣ ድረ ገጹን፣ መቶኛውን ሁሉ ያስወጡ። ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የእንስሳት ዓይነትና ብዛት፣ የገቡበት ቀን፣ የዱቤ ቀሪ ይበቃል። እንደ ኦዱ፣ ስዊትሲአርኤምና ዞሆ ያሉት ፕሮግራሞች ቅጹን ለመቀየርም ሆነ ማስታወሻ ለማስያዝ አዲስ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልጋቸውም። የእርስዎም እንዲሁ መሆኑን ፕሮግራሙን የሸጠልዎትን ድርጅት ይጠይቁ፤ «አይቻልም» ካለ ያን ጊዜ ስለ መቀየር እናወራለን።

ስሞቹን በተመለከተ እለምንዎታለሁ፣ ይጠንቀቁ። የውጭ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» የሚሉት ቦታ ላይ የአባት ስም ይገባና መልእክቱ ለወላጅ አባት የተላከ ይመስላል፤ ደንበኛ ይቀየማል። አንዱ ሻጭ «ኃይለ ማርያም»፣ ሌላው «ሀይለማርያም»፣ ሦስተኛው «ኃይለማሪያም» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል፣ ዱቤውም በሦስት ይከፈላል። ስለዚህ መለያው ስም ሳይሆን ስልክ ይሁን፤ ሁሉም በ0 ጀምሮ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይመዝገብ፣ አንዱ በ09 ሌላው በ2519 አይጻፍ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ስልክ የያዘ ብዙ ነውና በ07 ለሚጀምረውም ቦታ ይተዉ።

የመጨረሻው የእርስዎ የራስዎ ድርሻ ነው። በሳምንታዊው ስብሰባ «ደነባ እንዴት ነው?» ብለው በቃል የሚጠይቁ ከሆነ ሻጮቹም በቃል ይመልሳሉ። ገጹን ከፍተው «እትዬ ጋር ተደወለ ወይ?» ብለው ከስሙ ይጀምሩ። ባለቤቱ የማይከፍተውን ፕሮግራም ሌላው ሲከፍት አላየሁም።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ለሆቴሎች የምናቀርብ እህትማማቾች ነን። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ልንገዛ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ምን እንሆናለን? ሻጩም መረጃችን እሱ ዘንድ እንደሚቀመጥ ነገረን፤ ይህ ልክ ነው?
ሁለቱ እህትማማቾች፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ እህቶቼ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የጠየቃችሁት። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ትእዛዛችሁን ይቆልፍባችኋል። ስልክ ላይ መዝግቦ ኢንተርኔት ሲመጣ የሚልክ፣ ወይም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ምረጡ። ሻጩ ይህን አሳይቶ ያስረዳችሁ፤ ስልኩን ከኢንተርኔት አውጥታችሁ አንድ ትእዛዝ ፊቱ መዝግቡ።

መረጃው ሌላ ቦታ መቀመጡ ብቻውን ነውር አይደለም። ነገር ግን የደንበኞቻችሁ ስምና ስልክ የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እናንተንም ሻጩንም ይመለከታል። በውሉ ላይ መረጃው የእናንተ መሆኑ፣ በጠየቃችሁ ጊዜ በኤክሴል ፋይል ሙሉ በሙሉ እንደሚሰጣችሁ፣ ውሉ ሲቋረጥም ከእሱ ዘንድ እንደሚጠፋ ይጻፍ። ከመፈረማችሁ በፊት ያን የኤክሴል ፋይል አንድ ጊዜ አስወጥቶ ያሳያችሁ፤ ዱቤውና ስልኩ አብረው መውጣታቸውን ራሳችሁ ከፍታችሁ አረጋግጡ።