ጥያቄና መልስ፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በካቶሊክ ትምህርት ቤት ምን ይማራሉ?

በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በመካከለኛ ደረጃ ሳይንስና ሒሳብ ሳስተምር 19 ዓመት ሆኖኛል። ልጆቻቸውን ለ7ኛ ክፍል ለማስመዝገብ በመዘጋጀት ላይ ያሉ ወላጆች የላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ሥርዓተ ትምህርት አላቸውን?

የላቸውም። በአገራችን የሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንደማንኛውም ትምህርት ቤት የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ በዋለው አደረጃጀት መሠረት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በመካከለኛው ደረጃ ቋንቋዎች፣ ሒሳብ፣ አጠቃላይ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የክዋኔና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እንዲሁም የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ይሰጣሉ። ትምህርት ቤቶቹ የሚለያዩት በአያያዛቸው ነው፤ ሰዓት ማክበርን፣ የደብተርን ንጽሕናና የቤት ሥራ ክትትልን የሚመለከቱበት ጥብቅነት ለብዙ ወላጅ ዋናው መስሕብ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊም ነን። ልጄ የካቶሊክ ሃይማኖት እንዲማር ይገደዳል ወይ?

አይገደድም፣ እህቴ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይደነግጋል፤ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይም የካቶሊክ ሃይማኖት የሚባል የትምህርት ዓይነት የለም። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጠው ለካቶሊክ ልጆች ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከትምህርት ሰዓት ውጭ በቤተ ክርስቲያን ነው። በጠዋቱ ሰልፍ ብሔራዊ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ለአፍታ ዝም ይባላል፤ በዚያች አፍታ እያንዳንዱ ልጅ እንደየእምነቱ ይጸልያል። በረመዳን የሚጾሙ ተማሪዎች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነጥብ ይይዛሉ እንጂ በድሬዳዋ ፀሐይ እንዲሮጡ አይደረግም። ቢሆንም ሳይመዘገቡ በፊት ርእሰ መምህሩን በቀጥታ ይጠይቁ፤ ጥያቄው ቅር የሚያሰኝ አይደለም።

ጥያቄ፦ በእኛ ዘመን በ7ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ ነበሩ። አሁን አንድ ላይ መጠቃለላቸው ልጆቹን አይጎዳቸውም?

እኔም መጀመሪያ ላይ ይህ ስጋት ነበረብኝ፤ ሳስተምረው ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ሁሉ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ከቤቱ አሮጌ ማንቆርቆሪያ እንዲያመጣ አደርጋለሁ፤ ልጆቹ ቅርፊቱን በማንኪያ ፍቀው በሰሐን ላይ ያደርጉትና ሎሚ ይጨምቁበታል። ወዲያው ጭስስ እያለ አረፋ ይወጣዋል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ጠረጴዛውን ይከቡታል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ ይህ ነጭ ነገር ከየት መጣ? በዙሪያችን ያሉት ተራሮች የኖራ ድንጋይ ስላለባቸው የከርሰ ምድሩ ውኃ ካልሲየም አሟሙቶ ይመጣል፤ ሲፈላ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል፤ የሎሚው አሲድ ሲነካው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በዚያው ክፍለ ጊዜ ቴርሞሜትር በፈላ ውኃ ውስጥ እንከታለን። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሲል የእኛው 96 አካባቢ ይቆማል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነውና። ሐረር ከዚህም ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው ከእኛ ባነሰ ሙቀት መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚህ ውስጥ ኬሚስትሪው የቱ፣ ፊዚክሱስ የቱ እንደሆነ መለየት ለዚያ ዕድሜ አስፈላጊ አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሦስቱን ዘርፎች እኩል የሚያውቅ መምህር ማግኘት ከባድ ስለሆነ በባዮሎጂ የተመረቀ መምህር የኤሌክትሪኩን ምዕራፍ ሲሸሽ አያለሁ። ወላጆች የልጃቸውን ደብተር ገልጠው የተዘለለ ምዕራፍ መኖሩን ቢያዩ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በክፍልፋይ ደካማ ናት። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ይከብዳታል?

ክፍልፋዩ ካልተስተካከለ ይከብዳታል፣ ምክንያቱም በ7ኛ ክፍል ንጽጽር፣ ወደርና መቶኛ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። በ8ኛ ክፍል ደግሞ ካሬ ሥር፣ የመስመራዊ እኩልታዎች፣ የምስሎች ተመሳሳይነትና የይሆናልነት መግቢያ ይጠብቋታል። ክረምቱን በሙሉ አዲስ መጽሐፍ ከማስጠናት ይልቅ ቀፊራ ገበያ ይዘዋት ይሂዱ፤ የሩብ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ከኪሎው ዋጋ ተነሥታ በቃሏ ታስላ፣ ነጋዴው ሲቀንስላት ቅናሹ ከመቶ ስንት እንደሆነ ትንገርዎ።

ጥያቄ፦ በቤታችን የምንነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። በቋንቋው በኩል ይቸገራል?

በድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ተቀላቅሎ የማይሰማበት ክፍል የለም፤ ስለዚህ በመግባባት አይቸገርም። ጥንቃቄ የሚሻው የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። በእኛ ዘንድ ሒሳብና ሳይንስ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለሚሰጡ፣ ሐሳቡን በሚገባ የተረዳ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ተስኖት ሲሳሳት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ልጅዎ የተማረውን ማታ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳዎት፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ከቻለ እንግሊዝኛው ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ በኅብረተሰብ ትምህርት ስለ አካባቢያችን ይማራሉ?

የመማሪያ መጽሐፉ ስለ አገርና ስለ አህጉር የሚናገር በመሆኑ አካባቢውን የሚያስገባው መምህሩ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ የባቡሩን ታሪክ ያስተምራሉ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ፣ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን እልቂት ከደን መመናመንና ከከተማ አሠፋፈር ጋር አያይዘው ያስረዳሉ። ብዙ ልጆች ስለዚያ ሌሊት ከአያቶቻቸው ስለሰሙ በዚያ ቀን ክፍሉ ጸጥ ይላል። በተቻለ ጊዜ ወደ ሐረር ሄደው የጀጎልን ግንብና አምስቱን ጥንታዊ በሮች ያያሉ። ካፑቺን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮናውያን በሐረር ያስተማሩበት ታሪክም አብሮ ይነሣል፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ የተማሩት በካቶሊኩ ጳጳስ በሞንሰኞር ዣሮሶ አማካይነት ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ነበር።

ጥያቄ፦ ሥዕል፣ ስፖርትና ኮምፒዩተር ጊዜ ማባከን አይሆኑም?

አይሆኑም። እንዲያውም የሥዕልን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ መውሰድ የልጁን መብት መንካት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ለሚኒስትሪ ፈተና ከመቼ ጀምሮ ይዘጋጁ?

በ8ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው ክልላዊ ፈተና የ7ኛንም ክፍል ትምህርት ስለሚነካ የ7ኛ ክፍል ደብተሮችን አትጣሉ። እኔ ልጆቹን በሳምንት አንድ የ7ኛ ክፍል ርእስ ብቻ እንዲከልሱ አደርጋለሁ። የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ከጥር በፊት ባይሰጧቸው እመርጣለሁ፤ ቀድመው ካገኟቸው መልሱን በፊደል ይሸመድዱታል፣ "የ12ኛው ጥያቄ ሐ ነው" ይሉኛል፣ ለምን ሐ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ።