ታዲያ ምን በልተው ይጫወቱ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ደሴ እማራለሁ። ስፖርት መምህራችን፣ ድሮ በራግቢ ለአገሩ የሚሰለፍ ሰው ሳንቲም አይከፈለውም ነበር አሉን። እውነት ነው? ታዲያ ምን በልተው ይጫወቱ ነበር?

መልስ፦ ልጄ፣ መምህርህ እውነታቸውን ነው። ራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም አንድ ቡድን በ15 ሰው የሚሰለፍበት የራግቢ ዓይነት፣ ለተጫዋች ክፍያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ በፊት እንጀራቸው ከሥራቸው ነበር። እኔም ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ቡድን ስጫወት ቀን ማሽን ላይ እቆማለሁ፣ ሲመሻሽ ቦርከና ዳር እለማመዳለሁ። ያሸነፍን ቀን ሽልማታችን ለቡድኑ በሙሉ አንድ ትሪ ጥብስ ነው፤ በረኛችን ታዲያ በእጁ የሚቀድመው አልነበረም።

ከእነዚያ ሰዎች የዌልሱን ጋሬዝ ኤድዋርድስን ልንገርህ። የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ19 ዓመቱ፣ ፓሪስ ላይ ፈረንሳይን ገጠመ፤ በ20 ዓመቱ አምበል ሆነ። እስከ 1978 ድረስ ለዌልስ በተከታታይ 53 ጨዋታ ሲሰለፍ አንድም አላመለጠው። ቦታው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስምንት ለስምንት ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ ትከሻ ለትከሻ እንደ በሬ ይገፋፋል፤ እርሱ የእንቁላል ቅርጽ ያላትን ኳስ ከእግራቸው ሥር ላፍ አድርጎ፣ ሳይረግጡት፣ ለጓደኛው ይወረውራል። ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ክልክል ነው።

ሥራውን ካልክ፣ ኔዝ በምትባል ከተማ በአንድ የምህንድስና ድርጅት ተቀጥሮ ነበር። የሚበላው ከዚያ ነው። ለጨዋታው ስታዲየም ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከትኬቱ ገንዘብ ግን ለእርሱ ደመወዝ የለም።

እስከዚህ ድረስ እሺ፣ ሕጉ ነው እንበል። እኔን የሚያበግነኝ የኋላው ነው። በ1978 ጫማውን ሲሰቅል የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ የመጽሐፉንም ገንዘብ ተቀበለ። በዚህ ብቻ «ፕሮፌሽናል»፣ ማለትም ለገንዘብ የሚጫወት፣ ተባለና ከአሰልጣኝነት ታገደ። ላብህን በነፃ ስጠን፣ ቀለምህንም አትሽጥ እንደማለት ነው!

በ1973 ካርዲፍ ላይ ከየቡድኑ ተጫዋች እየጋበዘ ለሚያሰልፈው ለባርባሪያንስ ክለብ ተሰልፎ በኒውዚላንድ ላይ ያስቆጠራት ነጥብ አለች፤ ቡድኑ 23 ለ 11 አሸንፏል። ቪዲዮዋን ፈልገህ እያት፤ መነሻዋን ግን እንዳትዘል። ፊል ቤኔት በገዛ ግቡ አጠገብ አሳዳጆቹን አንድ በአንድ እያታለለ ያልፋቸዋል፤ ኳሷ በስድስት ሰው እጅ አልፋ መጨረሻ ላይ ኤድዋርድስ ከየት መጣ ሳይባል ይነጥቃትና ግራ ማዕዘን ላይ ተወርውሮ መሬት ያስነካታል፤ በራግቢ ነጥብ የሚያስቆጥረው ይኸው ነው።