ጥያቄ የሚያነሳ ምእመን ወዴት ይሂድ?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የምኖር መምህርት ነኝ። እምነቴን አልተውሁም፤ ነገር ግን ሴቶች የሚያስተምሩበት፣ መጠየቅም እንደ ክህደት የማይቆጠርበት ቤተ እምነት እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናው ጉዳይዎ የሴቶች አገልግሎት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመችውና የሉተራን ትውፊት የምትከተለው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሴቶችን በቅስና ትሾማለች። ይሁንና በሁሉም ነገር ለዘብተኛ ናት ብለው እንዳይጠብቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት ያቋረጠችው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በተመለከተ በያዙት አቋም ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለሴቶች ክህነት አትሰጥም።

ከመውጣትዎ በፊት ግን ያደጉበትን ቤት፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን፣ ደግመው ቢያዩት አይከፋም። በጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም አይመሰገንም፤ በየዕለቱ አዲስ ቆጥሮ፣ በመምህሩ ፊት አቅርቦ፣ የሚታረመውን ታርሞ ይመለሳል። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም በዚሁ ምድር ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። እርግጥ ነው፣ በቅኔ የሚፈቀደው ነጻነት በዶግማ አይፈቀድም፤ የእማሆይም ሊቅነት የመቅደሱን በር ለሴቶች አልከፈተም። ቅሬታዎ እዚህ ላይ ከሆነ እውነት አለዎት።

ወደ የትኛውም ቢያመሩ፣ የእሑዱን ስብከት ሰምተው ብቻ አይወስኑ፤ በሳምንቱ መካከል በሚደረገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተገኝተው አንድ የሚከብድዎትን ጥያቄ ያንሱና መሪው እንዴት እንደሚቀበልዎት ልብ ይበሉ።